በቦርሳ የጠፋው ምልክት፦ ላንግሊ የሒሳብ ሠራተኞቹን እንዴት ቀጠረ? (የጉዳይ ጥናት)

በ2016 የወጣውን «ሂደን ፊገርስ» የተባለ ፊልም ያየ ሁሉ አንድ ትዕይንት አይረሳም። የናሳ የሥራ ኃላፊ፣ ጥቁሯ የሒሳብ ባለሙያ ካትሪን ጆንሰን ሽንት ቤት ለመድረስ በየቀኑ ግማሽ ማይል እንደምትሮጥ ሲሰማ፣ ብረት ያነሣና «ለጥቁሮች» የሚለውን ምልክት ሰው ሁሉ እያየ ቀጥቅጦ ይጥለዋል። ትዕይንቱ ልብ ይነካል፤ ግን አልተፈጸመም። ኃላፊው ከብዙ ሰዎች ተገጣጥሞ የተፈጠረ ገጸ ባሕርይ ነው። እውነተኛዋ ካትሪን ጆንሰንም ምልክት ያልተለጠፈበትን ሽንት ቤት ዝም ብለው ይጠቀሙ ነበር። እነዚህ ሴቶች በሠሩበት የምርምር ማዕከል፣ በእውነተኛው ላንግሊ፣ የጠፋው ምልክት ሌላ ነው፤ በምግብ አዳራሹ ውስጥ ጥቁር ሴቶች እንዲቀመጡበት በተለየው ጠረጴዛ ላይ የቆመ ትንሽ ካርቶን። ሚርያም ማን የተባሉ ሠራተኛ አንሥተው ቦርሳቸው ውስጥ ይከቱታል፤ አስተዳደሩ ሌላ ያስቀምጣል፤ እሳቸው ያንንም ይወስዱታል። አንድ ቀን ምልክቱ ሳይተካ ቀረ።

ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጥነው ፊልሙን ለማጣጣል አይደለም። ፊልሙ ባይኖር ኖሮ የእነዚህን ሴቶች ስም ብዙዎቻችን አንሰማም ነበር። ችግሩ ቀጣሪዎች ከፊልሙ የሚወስዱት ትምህርት ነው፦ ጎበዝ ሰው የትም ቢጣል ጎልቶ ይወጣል፣ ደግ አለቃ ካጋጠመው ደግሞ በሩ ይከፈትለታል የሚል። የላንግሊ መዝገብ የሚያሳየው ሌላ ነው። በሩን የከፈቱት የጊዜያዊ ምደባ፣ የደመወዝ ክርክር፣ የሥልጠና ፈቃድና በሪፖርት ላይ የሚጻፍ ስም ናቸው። በሩን ዘግቶ ያቆየውም እንዲሁ ወረቀት ነበር፤ የሥራ ደረጃ የሚባል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሥራው ምን ነበር?

ላንግሊ በቨርጂኒያ ግዛት፣ ሃምፕተን ከተማ አጠገብ የሚገኝ የአቪዬሽን ምርምር ማዕከል ነው። እስከ 1958 ናካ በሚባለው የመንግሥት ኮሚቴ ሥር ነበር፤ በዚያ ዓመት ጥቅምት 1 ቀን ናካ ናሳ ሆነ። በዚያን ዘመን «ኮምፒውተር» የሰው ሥራ መጠሪያ ነበር። የአውሮፕላን ሞዴል በነፋስ ዋሻ ውስጥ ይቆምና የአየር ግፊቱ በብዙ ቱቦዎች ይለካል፤ የቱቦዎቹ ከፍታ ፎቶ ይነሣል፤ አንድ ሰው ፎቶውን እያየ ቁጥሩን ያነባል። መሐንዲሱ ቀመሩን ከፋፍሎ በሰንጠረዥ ራስ ላይ ይጽፋል፤ አስሊዋ ዓምድ በዓምድ እየሞላች በሜካኒካል የሒሳብ ማሽን ታባዛለች፣ ታካፍላለች፣ ውጤቱን በግራፍ ወረቀት ላይ ትነጥባለች። ሌላ አስሊ ደግሞ ታጣራለች።

ይህን ሁሉ ቀደም ሲል መሐንዲሶቹ ራሳቸው ይሠሩት ነበር። በ1935 ላንግሊ አምስት ሴቶችን ቀጥሮ የመጀመሪያውን የአስሊዎች ክፍል አቋቋመ። በ1942 የተጻፈ የውስጥ ማስታወሻ፣ ሴቶቹ ስሌቱን ከመሐንዲሶቹ ይልቅ በፍጥነትና በትክክል እንደሚሠሩት መሐንዲሶቹ ራሳቸው ያምናሉ ይላል። እዚህ ላይ ለቀጣሪ የሚጠቅም ነገር አለ። ላንግሊ «ተጨማሪ መሐንዲስ እንቅጠር» ብሎ አልጀመረም፤ መጀመሪያ የመሐንዲሱን ቀን የሚበላው የትኛው ሥራ እንደሆነ ለየ፤ ከዚያ ያንን ሥራ ብቻውን ቆርጦ መደብ አደረገው። ክፍት ቦታ ሲፈጠር የቀድሞውን ሠራተኛ የሥራ ዝርዝር ገልብጦ ማስታወቂያ ማውጣት የተለመደ ነው። ከዚያ በፊት ግን የክፍሉ ሰዎች ለሁለት ሳምንት ያህል ሰዓታቸው የት እንደሚሄድ በግማሽ ሰዓት ልክ እንዲመዘግቡ ቢደረግ፣ የሚያስፈልገው ሰው ከታሰበው ሌላ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።

የእጩዎቹ ምንጭ

ጦርነቱ ሲመጣ ሰው ጠፋ። ሰኔ 25 ቀን 1941 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በመከላከያ ኢንዱስትሪና በፌዴራል መሥሪያ ቤት ቅጥር በዘር መለየትን የሚከለክለውን 8802 ቁጥር ትእዛዝ ፈረሙ። ትእዛዙ በደግነት ብቻ የመጣ አልነበረም፤ የሠራተኛ መሪው ኤ. ፊሊፕ ራንዶልፍ በዋሽንግተን ታላቅ ሰልፍ እንደሚጠሩ አስጠንቅቀው ነበር። በ1943 ላንግሊ ጥቁር ሴቶችን መቅጠር ጀመረና ለብቻቸው «ዌስት ኤሪያ ኮምፒውቲንግ» የሚባል ክፍል ውስጥ አስቀመጣቸው። በቅርብ የሚገኘው የጥቁሮች ኮሌጅ ሃምፕተን ኢንስቲትዩት በጦርነት ጊዜው የሥልጠና ፕሮግራም ለሴቶች የምሕንድስና ኮርስ ከፍቶ ስለነበር፣ ተመራቂዎቹ በቀጥታ ወደዚያ ገቡ።

ሌላው ምንጭ መምህራን ነበሩ። ዶሮቲ ቮን በፋርምቪል የሒሳብ መምህርት ሳሉ በታኅሣሥ 1943 ላንግሊ ገቡ፤ ቅጥሩ ለጦርነቱ ጊዜ ብቻ የታሰበ ነበር፤ እሳቸው ግን የወጡት በ1971 ነው። ሜሪ ጃክሰንም ካትሪን ጆንሰንም ከመቀጠራቸው በፊት አስተምረዋል። ይህ አጋጣሚ አይደለም። ዲግሪ ያላት ጥቁር ሴት በዚያ ዘመን ከትምህርት ቤት ሌላ የምትገባበት በር ጥቂት ነበር፤ ስለዚህ ጠንካራ የሒሳብ ችሎታ በዝቅተኛ ደመወዝ አንድ ቦታ ተከማችቶ ተቀምጦ ነበር። ተገቢ እጩ አጣሁ የሚል መሥሪያ ቤት ራሱን ሊጠይቀው የሚገባው ይህን ነው፦ እኔ የምፈልገውን ችሎታ በየቀኑ የሚጠቀም፣ ግን በሌላ ስም የሚጠራ ሙያ የትኛው ነው?

ደረጃው፦ ጉዳቱ የተጻፈበት ቦታ

ፊልሙ ያለፈው ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ ወረቀት በካሜራ ፊት ስለማያምር ይመስለናል። በወቅቱ የአሜሪካ ሲቪል ሰርቪስ ሠራተኞችን በሁለት መስመር ይመድብ ነበር፦ «ፕሮፌሽናል» እና «ንዑስ ፕሮፌሽናል»። የሒሳብ ዲግሪ ያለው ወንድ ሲቀጠር በአብዛኛው ከፕሮፌሽናሉ የመጀመሪያ ደረጃ ይጀምራል። ያው ዲግሪ ያላቸው ሴቶች አብዛኞቹ በንዑሱ መስመር ይገባሉ። ዶሮቲ ቮን በፕሮፌሽናል ደረጃ ከተቀጠሩት ጥቂቶች አንዷ ነበሩ። በ1949 የወጣው ሕግ ሁለቱን መስመሮች በአንድ አጠቃላይ መሰላል ተካቸው፤ ግን ከታች የጀመረ ሰው በአዲሱ መሰላልም ላይ የሚገኘው ከታች ነው።

አንዳንዱ ስሕተት ከዚህም ግልጽ ነበር። ካትሪን ፔድሩ በ1943 የተቀጠሩት ለኬሚስትሪ ክፍል ነበር፤ ጥቁር መሆናቸው ሲታወቅ ወደ አስሊዎቹ ክፍል ተዛወሩ። መሥሪያ ቤቱ ኬሚስት ፈልጎ፣ ኬሚስት አግኝቶ፣ ኬሚስቱን ሒሳብ ላይ አስቀመጠ ማለት ነው።

የመነሻ ደረጃ ስሕተት ከሌሎች የቅጥር ስሕተቶች የሚከፋበት ምክንያት አለ። የደመወዝ ጭማሪ በነባሩ ደመወዝ ላይ በመቶኛ ይሰላል፤ እድገት «ከአሁኑ ደረጃ አንድ ወይም ሁለት እርከን» ተብሎ ይገደባል፤ አዲስ ቀጣሪም «አሁን ስንት ይከፈልሃል?» ብሎ ይጠይቃል። ሦስቱም የመጀመሪያውን ቀን ስሕተት ወደፊት ይዘውት ይሄዳሉ። ማረሚያው ከባድ አይደለም። የሁሉንም ሠራተኞች ዝርዝር በአንድ ሰንጠረዥ ማውጣት፤ ከስም ይልቅ የመለያ ቁጥር፣ ከዚያ ትምህርት፣ የአገልግሎት ዘመን፣ ባለፉት ሦስት ወራት በእውነት የሠሩት ሥራ፣ ደረጃ፣ ደመወዝ። ከዚያ ሰንጠረዡን በመደብ ስም ሳይሆን በተሠራው ሥራ መደርደር። በመደብ ስም ከተደረደረ ሁሉም ልክ ይመስላል፤ አስሊዎች ከአስሊዎች፣ መሐንዲሶች ከመሐንዲሶች ጋር እኩል ናቸውና። በሥራው ሲደረደር ግን አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ ሁለት ሰዎች ሁለት ደረጃ ላይ ቁጭ ብለው ይታያሉ። የመለያ ቁጥሩ የተፈታበት ገጽ ከሰንጠረዡ የተለየ ይሁን፤ አለበለዚያ ውይይቱ ስለ ሥራው መሆኑ ቀርቶ ስለ ሰውየው ጠባይ ይሆናል።

ዶሮቲ ቮን ያደረጉት

የዚህ ጉዳይ ልብ እዚህ ነው። በ1947 የነጭ ሴቶቹ የጋራ ክፍል ፈረሰና ሠራተኞቹ በየምሕንድስና ክፍሉ ተበተኑ። የጥቁሮቹ ክፍል ግን እንደ ጋራ ማዕከል ቀጠለ፤ ሥራ ከየትም ይመጣል፣ ተሠርቶ ይመለሳል። ጉዳቱ ግልጽ ነው፦ በአንድ ክፍል የተመደበች ሴት አንድ ዘርፍ ጠልቃ ታውቃለች፣ ስሟም በሪፖርት ሊገባ ይችላል፤ በማዕከል ያለችው ግን ሁሉን ትሠራለች፣ ምንም የእሷ አይሆንም።

በ1949 የክፍሉ ኃላፊ ሲሞቱ ቮን ተጠባባቂ ሆኑ። በሹመት ኃላፊ የተባሉት በ1951 መጀመሪያ ነው፤ በመካከሉ የኃላፊነቱን ሥራ በተጠባባቂ ስም ሠርተዋል። ፊልሙ ይህን ወደ 1961 አምጥቶ፣ ሹመት የተከለከለች ሴት በመጨረሻ ስታገኘው ያሳየናል። እውነቱ የተገለበጠ ነው፤ ወደዚያ እንመለሳለን።

ቮን በኃላፊነት የሠሩት ነገር እያንዳንዷ ሴት ምን እንደምትችል ለይቶ ማወቅና ተስማሚ ሥራ ሲመጣ በስም መላክ ነው። መሐንዲሶች ከባድ ሥራ ሲኖራቸው ማንን እንደሚልኩላቸው እሳቸውን ይጠይቁ ነበር። ካትሪን ጆንሰን በ1953 በጋ ሥራ ከጀመሩ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ቮን ወደ በረራ ምርምር ክፍል በጊዜያዊነት መደቧቸው። እዚያም የበረራ ሙከራ መረጃዎችን መተንተን ያዙ፤ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ከትልቅ አውሮፕላን ኋላ በሚቀረው የአየር ሽክርክሪት ምክንያት የወደቀችበትን አደጋም መረመሩ።

ጊዜያዊ ምደባ አደገኛ ነገር ነው። ሠራተኛውን የተዋሰው ክፍል በአነስተኛ ደመወዝ ጎበዝ ሰው ያገኛል፣ ስለዚህ ለማጽደቅ አይቸኩልም፤ ያዋሰው ክፍል ሰውየውን ከቆጠራ ያወጣዋል፣ ስለዚህ ጭማሪ አይጠይቅለትም። ሠራተኛው በሁለት አለቃ መካከል አለቃ አልባ ሆኖ ይቀራል። ጆንሰን በዚህ ሁኔታ ስድስት ወር ያህል ቆዩ። ያኔ ቮን የክፍሉ ኃላፊ ዘንድ ሄደው ምርጫ ሰጡት፦ ወይ ደመወዟን ጨምርና ውሰዳት፣ ወይ መልስልኝ። ኃላፊው ቀጠራቸው። ሮኬት ወደ ሰማይ የሄደበትን መንገድ ያሰላው እጅ ቋሚ ቦታውን ያገኘው በዚህች አጭር ንግግር ነው። ብረት የያዘ ማንም አልነበረም።

ቮን ይህን ያለ ደንብ፣ በራሳቸው ድፍረት አደረጉት። ደንብ ያለው መሥሪያ ቤት ግን ድፍረትን መጠበቅ የለበትም። የትውስት ምደባ ከመጀመሩ በፊት በአንድ ገጽ ላይ አምስት ነገር ይጻፍ፦ የሚሠራው ሥራ፣ የሚያበቃበት ቀን፣ በትውስት ጊዜው ደመወዙን የሚከፍለው፣ የሥራ አፈጻጸሙን የሚሞላው፣ በመጨረሻው ቀን ውሳኔ ካልተሰጠ የሚሆነው። አብዛኛው ሰው የመጨረሻውን ይተወዋል። ጥሩው መልስ «ውሳኔ ካልተሰጠ ሠራተኛው በነጋታው ወደ ቀድሞ ክፍሉ ይመለሳል» የሚል ነው፤ ሰውየውን የሚፈልገው ክፍል እንዲጽፍ የሚያስገድደው ያ ብቻ ነው። ለተጠባባቂነትም እንዲሁ፤ ቢበዛ ስድስት ወር፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከኃላፊነት አበል ጋር።

አሁን የተገለበጠው ክፍል። በ1958 ናካ ናሳ ሲሆን የተለዩት ክፍሎች ተዘጉ። መዘጋታቸው ፍትሕ ነበር። ግን ክፍሉ ሲዘጋ የቮን ኃላፊነትም አብሮ ተዘጋ። ወንዶችና ሴቶች፣ ጥቁሮችና ነጮች አብረው ወደሚሠሩበት የኤሌክትሮኒክ ስሌት ክፍል ገቡ፣ ፎርትራን የሚባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ ተማሩ፣ በስካውት ሮኬት ፕሮግራም ላይ ሠሩ። ሌላ የኃላፊነት ቦታ ፈልገው አላገኙም። ክፍሎችን ማዋሐድ ጥሩ ዓላማ ሲኖረው እንኳን የሚታለፈው ይህ ነው፦ ሠራተኞቹ ይደለደላሉ፣ የአነስተኛው ክፍል ኃላፊ ግን «ባለሙያ» ተብሎ ይቀመጣል። የውሕደት እቅድ ሲጻፍ፣ ከድልድሉ በፊት የኃላፊዎች ስም ለብቻው ይውጣና ለእያንዳንዱ የሚሰጠው ቦታ በዚያው ሰነድ ይወሰን።

ሜሪ ጃክሰን፦ ቅሬታው ቃለ መጠይቅ ሲሆን

ጃክሰን በ1951 ከቮን ሥር ጀመሩ። በ1953 ለሥራ ወደ ሌላው የግቢው ክፍል ተላኩ፤ ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ ሲጠይቁ አብረዋቸው የሚሠሩት ነጭ ሴቶች ሳቁባቸው። በንዴት ሲመለሱ መንገድ ላይ ያገኙት መሐንዲሱ ካዚሚየርዝ ዛርኔኪን ነበር፤ የሆነውን ሁሉ ነገሩት። እሱ አላባበላቸውም፤ እኔ ጋር ነይ ሥሪ አላቸው። በ60,000 የፈረስ ጉልበት የሚንቀሳቀስ፣ የነፋሱ ፍጥነት ወደ ድምፅ እጥፍ በሚጠጋ የነፋስ ዋሻ ላይ መሥራት ጀመሩ።

ብዙም ሳይቆይ የበላይ ኃላፊው ጆን ቤከር ስሌት ሰጧቸው። ውጤቱ ሲመጣ ስሕተት ነው አሉ። ጃክሰን ልክ ነው ብለው ጸኑ። ሲመረመር ስሕተቱ የተገኘው ከተሰጣቸው መነሻ ቁጥር ነው፤ ቤከር ይቅርታ ጠየቁ። የሥራ ፈተና ለሚያዘጋጅ ሰው ከዚህ የተሻለ ናሙና የለም። እጩው ትክክለኛ መልስ ማግኘቱን መፈተን ቀላል ነው። ጠቃሚው፣ የተሰጠው መረጃ ራሱ ሲሳሳት ያያል ወይ፣ አይቶስ ይናገራል ወይ የሚለው ነው። ስለዚህ ከክፍሉ እውነተኛ ሥራ አንድ ቁራጭ ወስዶ፣ በ90 ደቂቃ የሚያልቅ አድርጎ፣ መነሻው ላይ ሁለት ወይም ሦስት ስሕተት ሆን ብሎ መትከል ይቻላል። «መረጃው ላይ ጥርጣሬ ካለ በኅዳጉ ይጻፍ» የሚል አንድ መስመር መመሪያው ላይ ይኑር፤ ያ ካልተጻፈ የሚፈተነው ድፍረት እንጂ ችሎታ አይሆንም፤ ድፍረት ደግሞ ከዚህ በፊት ስለተናገሩ ያልተቀጡ ሰዎች የሚያተርፉበት ነው። ወረቀቱ በስም ሳይሆን በቁጥር ለሁለት አራሚ ይሰጥ፤ ሁለቱ የሰጡት ነጥብ ሰፋ ብሎ ከተለያየ ጥፋቱ ከእጩው ሳይሆን ከማረሚያ መስፈርቱ ነው።

ዛርኔኪ ቀጥሎ ወደ መሐንዲስነት የሚያሳድገውን ሥልጠና እንዲገቡ መከራቸው። ኮርሶቹን ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ በማታ የሚሰጣቸው ለነጮች ብቻ በተከለለው የሃምፕተን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር፤ ጃክሰን ከከተማው ልዩ ፈቃድ መጠየቅ ነበረባቸው። ፊልሙ ይህን የችሎት ክርክር አድርጎታል፤ በእውነት ማመልከቻ ነበር፣ ተፈቀደ፣ ተማሩ፣ በ1958 መሐንዲስ ሆኑ። አንድ መሥሪያ ቤት «ማንም ሠራተኛ ሠልጥኖ ማደግ ይችላል» ብሎ ሲጽፍ፣ ሥልጠናው የሚሰጥበት በር ለማን ክፍት እንደሆነ ካላጣራ የጻፈው ለአንዳንዶቹ ብቻ ነው። ዛሬ በሩ የቆዳ ቀለም ባይጠይቅም ሰዓት ይጠይቃል፣ ክፍያ ይጠይቃል፣ የአለቃ ፊርማ ይጠይቃል። ማን እንዳመለከተ ብቻ ሳይሆን ማን ማመልከት እንዳልቻለም መታየት አለበት።

ስምና ማጣሪያ

ጆንሰን ወንዶቹ ብቻ ወደሚገቡበት የሪፖርት መወያያ ስብሰባ ለመግባት ደጋግመው ጠየቁ፤ የሚከለክል ሕግ አለ ወይ አሉ። ሕግ አልነበረም፣ ልማድ ነበር። በ1960 ከቴድ ስኮፒንስኪ ጋር የጻፉት የምህዋር ስሌት ሪፖርት፣ በክፍሉ ታሪክ የሴት ስም በደራሲነት የታየበት የመጀመሪያው ሆነ። የሠራ ሰው ስሙ ካልተጻፈ በሚቀጥለው የእድገት ውድድር የሚያቀርበው ማስረጃ የለውም፤ ስብሰባ መግባት፣ በሪፖርት መጠራትና እድገት አንድ ሰንሰለት ናቸው።

የካቲት 20 ቀን 1962 ጆን ግሌን ምድርን ከመዞሩ በፊት የኤሌክትሮኒክ ማሽኖቹን ውጤት ጆንሰን በእጅ እንዲያጣሩለት ጠየቀ። በፊልሙ ይህ የደቂቃዎች ሩጫ ነው። በእውነት አንድ ቀን ተኩል ያህል በጠረጴዛ ማሽን የተሠራ፣ ቁጥር በቁጥር የተነጻጸረ ሥራ ነው። ማጣሪያ ማጣሪያ የሚሆነው እንዲህ በሌላ መንገድ፣ በሌላ ሰው፣ ጊዜ ተሰጥቶት ሲሠራ ነው።

ፊልሙ የሚያልቀው በ1962 ነው፤ የደረጃው ጉዳይ ግን አላለቀም። ክሪስቲን ዳርደን በ1967 ላንግሊ ሲቀጠሩ በተግባራዊ ሒሳብ የማስተርስ ዲግሪ ነበራቸው። የተመደቡት ለመሐንዲሶች ስሌት በሚሠራ ክፍል ነው። ዓመታት ቆይተው፣ የእኔው ዓይነት ትምህርት ያላቸው ወንዶች መሐንዲስ ተብለው ሲቀጠሩ እኔ ለምን እዚህ እመደባለሁ ብለው የበላይ ኃላፊውን ጠየቁ። በ1973 ወደ ምሕንድስና ክፍል ተዛወሩ። የመጀመሪያ ሥራቸው አውሮፕላን ከድምፅ ፍጥነት ሲያልፍ የሚያሰማውን ፍንዳታ የሚያሰላ የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ ነበር።